ደረሰኙን ይዤ መሐል ሜዳ

ከአያቴ ሣጥን የወጣችው የግብር ደረሰኝ ናት ለዚህ ጉዞ ያስነሳችኝ። ጠርዟን ምስጥ በልቷታል፤ አናቷ ላይ ግን «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ መንዝና ግሼ አውራጃ» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል።

ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን በመዘዞ በኩል ወጣን። መሐል ሜዳ ስንደርስ ቀትር ነበር፤ ያም ሆኖ ጋቢውን ያወለቀ ሰው አላየሁም። ከተማዋ ዛሬ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ያኔ ግን የአውራጃው ሁሉ ርዕሰ ከተማ ነበረች።

የአያቴ ታናሽ ወንድም ደረሰኟን ወደ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩአት። ስለ አውራጃው ስጠይቃቸው የነገሩኝ ስለ ርስት ክርክር ነው።

«ወረዳ ሲፈርድብን ይግባኝ ብለን እዚህ ነበር የምንመጣው። በእግራችን፣ በሶ ቋጥረን። ማታ ዘመድ ቤት እናድራለን።»

«አሁንስ አባባ?»

«አሁንማ ደብረ ብርሃን ነው ልጄ።»

በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አዋቀረው። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ታስቦ ነበር፤ ፓርላማው ገንዘቡን ስላላጸደቀ ቀረ። እኔን ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ገበሬው ስለ ራሱ መንገድና ትምህርት ቤት በአቅራቢያው የሚመክርበት ሸንጎ ያገኝ ነበር። ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር ሲለው አውራጃው እንዳለ ቆየ። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲቋቋሙ ግን ከእርከኑ ወጣ፤ ውሎ አድሮም ላሎ፣ ማማ፣ ጌራ፣ ቀያ ገብርኤልና ግሼ እያንዳንዳቸው ወረዳ ሆነው ተጠሪነታቸው ለሰሜን ሸዋ ዞን ሆነ።

በማግስቱ ጓሳ ወደሚባለው የሣር ሜዳ ወጣን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ከአጠገባችን አልሸሹም። ይህን ሜዳ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከአውራጃው መፈጠር ብዙ ዘመን አስቀድመው በቅሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ሣሩ እንዲያገግም እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፣ ከዚያ በአንድነት ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቅሮን አፈረሰው። ኅብረተሰቡ ግን እንደገና ተደራጅቶ ዛሬም ይጠብቀዋል።

አባባ አንድ እፍኝ የጓሳ ሣር ይዘው በመዳፋቸው መሐል ገመዱት። ወዲያው ክንድ የሚያህል ገመድ ወጣው። ደረሰኟን እንደ ጥቅልል አድርገው በእሱ አሰሩልኝና «አውራጃ ስንመለስ ፈትተህ ለልጆቹ ታሳያቸዋለህ» አሉኝ።