የደብረ ብርሃን ሙዝ በወተት

ደብረ ብርሃን ብርዷ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በአክስቴ ጭማቂ ቤት ቀዝቃዛ ሙዝ በወተት የማይጠጣ የገበያ ቀን እንግዳ አልነበረም። እዚያ የሠራሁባቸውን ዓመታት እወዳቸዋለሁ። ወተቱ በጠዋት ይመጣል፤ አፍልተን እናቀዘቅዘዋለን። ሙዙ ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ መሆን አለበት፤ ጥሬው የወተቱን ጣዕም ያበላሻል። በመፍጫ ማሽኑ ውስጥ ወተቱ ከታች፣ ሙዙ ከላይ ይገባል፤ አለበለዚያ ምላጩ በባዶ ይሽከረከራል። አክስቴ «ድምፁን አዳምጪ» ትለኝ ነበር፤ ሙዙ ሲደቅቅ የመፍጫው ጩኸት ይለዝባል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ይጠፋል።

ማሽኑ ራሱ ለዚሁ ሥራ መወለዱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ስቲቨን ፖፕላውስኪ የተባለ የአሜሪካ ነዋሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 የሚሽከረከር ምላጭ ከዕቃው ሥር የገጠመው በሶዳ መሸጫዎች የወተት መጠጥ ለመበጥበጥ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በጾም ወተቱ ይቀራል፤ አቮካዶና ፓፓያ ተደራርበው ሎሚ ይጨመቅባቸዋል። እርሱም ጥሩ ነው። በዱቄት ወተት የሚሠራውን ግን ዛሬም አልቀበልም፤ ላም በሞላበት አገር ምን በወጣን!