ስሙን የደበቀው ሩስተም

ከትናንት ማታው ስልክ ወዲህ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። የማን ስልክ እንደነበር ታውቃላችሁ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተነስቼ መጻሕፍቱን ላስተካክል ብል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሂርሾርን ሙዚየም የታየው የሺሪን ነሻት ዐውደ ርእይ መጽሐፍ እጄ ገባ። ማስተካከሉ እዚያው ቀረ።

ነሻት ቃዝቪን ተወልዳ ኒውዮርክ የምትኖር ኢራናዊት ናት። «የነገሥታት መጽሐፍ» የተባሉትን ፎቶዎች በ2012 ስታሳይ ስሙን የወሰደችው ፊርዶውሲ የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ ከጨረሰው ከፋርሱ የጀግኖች ግጥም ከሻህናሜ ነው። ሰዎቿን በሦስት ከፍላቸዋለች፦ ሕዝቡ፣ አርበኞቹ፣ ክፉዎቹ። አርበኞቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይን ዓይናችሁን ያያሉ። ፊታቸው ላይ ከሩቅ ጥላ የሚመስል ነገር አለ፤ ጠጋ ሲሉ በቀጭኑ የተጻፈ የፋርስ ፊደል ነው። ክፉዎቹ ገላቸው ላይ ጽሑፍ የለም፤ የሻህናሜ ጦርነት ነው የተሳለባቸው። ፈረሰኛው፣ ጦሩ፣ የወደቀው ሰው፣ ሁሉም በጥቁር መስመር። ቀዩ ደሙ ብቻ ነው።

ያን ቀን ሙዚየሙ ውስጥ ብዙ የቆምኩት እዚህ ጋ ነበር። ሰው ሁሉ የሚኮራበትን የጀግና ጦርነት ወስዳ ክፉ ያለችው ሰው ደረት ላይ ማሳረፏ ትልቅ ድፍረት ነው። ልክም ናት እላለሁ። የጥንት ጀግንነት ሥልጣን ያለው ሰው ገላ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል እኛም እናውቀዋለን።

የሻህናሜን ታላቅ ጀግና ሩስተምን ያነሱት ሌሎች አርቲስቶችም አሉ። ሲያማክ ፊሊዛዴህ በ2009 በኮምፒውተር ቅንብር ወደ ዛሬዋ ቴህራን መልሶታል። እኔ የምወደው ግን የፈሬይዱን አቬን ነው። እሱ ለሩስተም የመረጠው ገላ የእውነተኛ የትግል ስፖርተኛ ነው፤ በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ፍጻሜውን በዳኞች ውሳኔ ተሸንፎ ብር ያገኘውን አባስ ጃዲዲን። የሥራዎቹም ስም «ሩስተም በበጋው መገባደጃ» ነው። ጉልበቱ ገና አለ፣ ወቅቱ ግን እያለፈበት ነው።

ሩስተም ልጁን የገደለውም በትግል ነዋ! ከጠላት ጦር ጋር የመጣው ሶህራብ አባቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ምልክቱ፣ አባቱ ለእናቱ ለተህሚኔ ትቶላት የሄደው ጌጥ፣ ክንዱ ላይ ታስሯል፤ ግን ከጥሩሩ ሥር ነው፣ አይታይም። ልቡ ነግሮት ሩስተም አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አይደለሁም ይለዋል። መሣሪያችንን አስቀምጠን እንቀመጥ ይለዋል፤ እንቢ ይላል። ይታገላሉ፣ ወጣቱ ሽማግሌውን ይጥለዋል። ሩስተም «በእኛ ወግ በመጀመሪያው ውድቀት ሰው አይገደልም» ብሎ ያመልጣል። ተመልሰው ሲገናኙ ግን እሱ ጣለ፤ ያን ወግ ትዝም ሳይለው ጩቤውን መዘዘ።

ይህን ሰው ነው ሺህ ዓመት ጀግና ስንለው የኖርነው። አባዬን የምታውቁት ይህ ታሪክ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳኝ አይጠፋችሁም።

ጌጡን አይቶ ልጁ መሆኑን ሲያውቅማ መድኃኒት ፍለጋ። የኢራኑ ንጉሥ ካይ ካቩስ መድኃኒቱ አለው፤ አባትና ልጅ ቢተባበሩ ለዙፋኔ አይታመኑም ብሎ ከለከለ። ኢራኖች የረፈደ እርዳታን ዛሬም ሶህራብ ከሞተ በኋላ የመጣ መድኃኒት ይሉታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ እውነቱን ሊናገሩ ይችሉ የነበሩት ሰዎች። ተህሚኔ ወንድሟን ዣንዴ ራዝምን ከልጇ ጋር የላከችው የሩስተምን መልክ ስለሚያውቅ ነበር። ሩስተም ራሱ በሌሊት የሶህራብን ጦር ሰፈር ሊሰልል ገብቶ፣ ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ በቡጢ ገደለው። ሶህራብ የማረከው ኢራናዊው ሃጂር የሩስተምን ድንኳን ሲጠየቅ፣ ይህ ልጅ ካወቀው ይገድልብናል ብሎ ዋሸ። እናትየው ሩቅ ነች። ልጇ ከሞተ በኋላ የኖረችው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ፊርዶውሲ አባትና ልጁ ሲዋጉ ትረካውን ገታ አድርጎ፣ የባሕር ዓሣም የሜዳ አህያም ልጁን ያውቃል፣ ሰው ግን ከምኞቱ ብዛት ጠላቱን ከልጁ አይለይም እያለ ያለቅሳል። እኔ ግን አላወቀም የሚለው አልዋጥልህ ይለኛል። የልጁ ልብ የነገረውን የአባትየው ልብ ጨርሶ ሳይነግረው ቀርቶ ነው? ወይስ ነግሮት፣ ሰምቶ፣ መሸነፉን ስለፈራ ነው እንቢ ያለው?