ሚኒባሴን በእጄ ስጠግን ያለፉት አምስት ሳምንታት

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ከለገሃር ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ፣ ሚኒባሴ ዋናውን ፖስታ ቤት እንዳለፈች በድንገት ጉልበት አጣች። የሞተሩ ቢጫ መብራት በራ፤ የነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ብጫነውም ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ የማይበልጥ ሆነ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጥፍቼ መልሼ ሳስነሣው ምንም እንዳልነካው ሠራ፤ ከዚያም በሜዳው እስከ ሜክሲኮ ድረስ ያለ እንከን ተጓዝኩ። በማግሥቱ ዳገቱን ስጀምር ያው ነገር ደረሰብኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ፣ አንድ ጥያቄ ይዤ ቆየሁ።

መኪናዬ ባለ 2ኬዲ ሞተር ቶዮታ ሃይስ ናት፤ ሞተሩ ሁለት ሊትር ተኩል ሆኖ ቱርቦ ያለውና ናፍታውን በኮመን ሬይል፣ ማለትም በከፍተኛ ግፊት በተሞላ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ ለሲሊንደሮቹ የሚያድል ነው። ከእርሷ በፊት ለብዙ ዓመታት የያዝኳት ባለ 5ኤል ነበረች፤ ቱርቦ የሌላት፣ ኮምፒውተር የማይመራት፣ የናፍታ ፓምፗም በቺንጊያ እየዞረ ሥራውን ያለ ማንም አዛዥ የሚፈጽም። ጥገናን በእጄና በጆሮዬ የተማርኩት በዚያች መኪና ላይ ነው። አንዱ ሲሊንደር እንደማይሠራ ስጠረጥር ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እየዞረ ናፍታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨውን የእያንዳንዱን ኖዝል ቱቦ ዳዶ በተራ አላላ ነበር፤ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ኖዝል ደኅና ነው፣ ካልተለወጠ ግን ሕመሙ እዚያ ነው። በአዲሱ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ። የአሮጌው ኖዝል 150 ባር ገደማ ሲደርስ ይከፈታል፤ በኮመን ሬይል ውስጥ ያለው ናፍታ ግን ከ1,000 ባር በላይ ይጨመቃል። በዚህ ግፊት የሚፈተለክ ናፍታ ጓንትንም ቆዳንም በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ወጋት ያህል ቢመስልም ፈጥኖ ካልታከመ እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ጆሮዬ የሚያውቀው ዋናው የምርመራ ዘዴ ገና ከመጀመሪያው ተወሰደብኝ።

የቀረልኝ ኮምፒውተሩን መጠየቅ ነበር። ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ ርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያ ሰክቼ በስልኬ ሳነብ፣ ፒ0087 የሚል ቁጥር ወጣ፤ ትርጉሙም በሬይሉ ውስጥ ያለው የናፍታ ግፊት ከሚፈለገው በታች ሆኗል ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት መፍትሔውን ያገኘሁ መስሎኝ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከሁሉ የከፋው ስሕተቴ ያ ደስታ ነው፤ ቁጥሩ የነገረኝ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አልነበረም። ግፊቱ የተደፈነ ፊልትሮ ሊያሳንሰው ይችላል፤ በፓምፑ ላይ ተገጥሞ የሚገባውን ናፍታ የሚመጥነው ቫልቭ ሲጣበቅም ያንሳል፤ ፓምፑ ራሱ ሲያረጅ፣ የሬይሉ የግፊት ማስተንፈሻ ሲያፈስ፣ ወይም አንዱ ኖዝል ከመጠን በላይ ናፍታ ወደ ኋላ ሲመልስ ቁጥሩ ያው ነው። አንዱን ከሌላው የሚለይ ቃል መሣሪያዬ አልሰጠኝም። አምራቹ ለራሱ ጋራዦች የሚያቀርበው መመርመሪያ ግን ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ኖዝል የሚሰጠውን ማስተካከያ ጭምር ያሳያል።

ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ለሁለት ቀን የተሻለች መሰለኝና በሦስተኛው ቀን ተመለሰባት። ወደ ቫልቩ ሄድኩ። ሃይስን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ወንበሩን ከፍተው፣ ጉልበትዎን ወለሉ ላይ ተክለው፣ አንገትዎን አጎንብሰው፣ ዓይንዎ የማያየውን ቡሎን በጣትዎ እየዳሰሱ ይሠራሉ። የቫልቩን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ስለካው 2 ኦም ገደማ ሆነ፣ ይህም ደኅና ነው፤ ነገር ግን መለኪያው የሚመሰክረው ስለ ሽቦው ጥቅል ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ብረት ይጣበቅ አይጣበቅ አያውቅም። ከዚህ ጥርጣሬ የተነሣ ሶማሌ ተራ ወርጄ አዲስ ቫልቭ ገዛሁ። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት ሳጥኖች ፊቴ ቀረቡ፣ የአንዱ ዋጋ የሌላውን ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ኦሪጅናል የተባለውን ወሰድኩ። ገጥሜ በቸርችል ጎዳና ስወጣ መብራቱ በራ።

በዚህ ጊዜ ኖዝሎቹን ጠረጠርኩ። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አራት ቀጭን ቱቦና አራት ትንንሽ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ኖዝል ወደ ኋላ የሚመልሰውን ናፍታ በየጠርሙሱ ታጠራቅማለህ፣ ከጓደኞቹ አብልጦ የሞላው ሕመምተኛው ነው። በእኔ ሞተር ግን የመመለሻው ቱቦ ከቴስታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛ ክፍል፣ ክዳን ሥር ስለሚገኝ፣ ጠርሙስ ለመስቀል ብቻ ክዳኑን መክፈትና ማሸጊያ ጎሚኒዎቹን መቀየር ያስፈልጋል። በነሐሴ ዝናብ፣ ጣሪያ በሌለው ግቢ፣ ክፍተታቸው ከሰው ፀጉር የቀጠነ ዕቃዎችን መክፈት አልፈለግኩም። እዚህ ላይ ቁልፌን አስቀምጬ ሰው ፈለግኩ።

በሰፈራችን ዕድሜያቸውን በናፍታ ሞተር ላይ የጨረሱ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። መጥተው ሲያዩ ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ናፍታው አየር ይዞ እንደሚመጣ አይተሃል?»

«ቱቦው የትም ቦታ አያንጠባጥብም፣ ጋሼ፤ ደጋግሜ አይቻለሁ» አልኳቸው።

«የሚስብ ቱቦ መቼ ያንጠባጥባል? እሱ አየር ይጠጣል እንጂ።»

ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። በዚህ መኪና ላይ ናፍታውን ከታንከሩ የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ከፊት ያለው ፓምፕ ራሱ ይስበዋል፣ ስለዚህም በመሳቢያው ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ ናፍታን ወደ ውጭ ከማፍሰስ ይልቅ አየርን ወደ ውስጥ ያስገባል። በፊልትሮውና በፓምፑ መካከል አንድ ክንድ የሚሆን፣ ናፍታ የማይጎዳው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡልኝ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ናፍታው ጥሩ ነበር፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን አረፋ በሰልፍ ማለፍ ጀመረ። ወደ ኋላ እየተከተልን ስንሄድ፣ ከሻንሲው ጎን ያለው አሮጌ ጎማ ቱቦ ከፋሸታው (ከማጥበቂያው ቀለበት) ሥር፣ ካልተጣመመ በቀር ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ተገኘበት። የተካው ቱቦ ዋጋ ከሻይና ከዳቦ ብዙም አይርቅም።

አዲሱን ሞተር መውቀስ አልሻም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌላት 5ኤሌ ያንን ዳገት ጥቁር ጭስ እየተፋች ነበር የምትወጣው፣ ይህችኛዋ ግን ደኅና ስትሆን ተጭናም በቀላሉ ትወጣዋለች። ያስቆጨኝ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ያወቀውን ያህል ለባለቤቱ ቢነገረው፣ ከዚያም ቁጥሩን ተከትሎ ከርካሹ ምርመራ ወደ ውዱ የሚያወርድ የጥገና መጽሐፍ በአማርኛ ቢኖር፣ ግልጹን ቱቦ በመጀመሪያው ቀን አስገባው ነበር። ከሜክሲኮ ተግባረ ዕድ የሚወጡት ወጣቶችም፣ እንደ እኔ በየግቢው የሚደክመውም፣ ይህ መጽሐፍ ያስፈልገናል።

ቱቦውን ከቀየርኩ በኋላ ልቤ እንዲያርፍ አንድ ነገር አደረግኩ፤ አዲሱን ቫልቭ ፈትቼ አሮጌውን መልሼ ገጠምኩ። በዚያው ቅዳሜ ሰው ጭኜ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት አራት ጊዜ ተመላለስኩ። መብራቱ አልበራም። አሮጌው ቫልቭ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፤ አዲሱ በሳጥኑ ውስጥ፣ ከወንበሩ ኋላ ተቀምጧል።