ሮም ላይ ለሦስት ሌሊት አልጋ ስለ መያዝ

ሮም ለሦስት ሌሊት የሚሄድ ሰው ባብዛኛው ማረፊያ የሚመርጠው ኮሎሲየምን የካርታው መሀል አድርጎ፣ ከርካሹ ዋጋ እየጀመረ ነው። ይህ አካሄድ አይዋጥልኝም። ኮሎሲየም የሚኬደው አንዴ ነው። ወደ አልጋ ግን ስድስት ሰባት ጊዜ ይኬዳል፦ ሻንጣ ይዞ ሲደርሱ፣ ቀትር ላይ እግር ሲዝል፣ በየማታው፣ በመጨረሻም ሻንጣ ይዞ ሲወጡ። ስለዚህ መለካት ያለባት ከሜትሮው መውጫ እስከ ትራስ ያለችው የመጨረሻዋ አራት መቶ ሜትር ናት። ዳገት ናት? ማታ ሰው ይመላለስባታል? ንጣፏስ? አሮጌው ከተማ ውስጥ መንገዱ ሳምፒየትሪኒ በሚሉት ጥቁር ኩብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ የሻንጣ ጎማ ግን ይነቅላል።

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ዓይነት ባቡር አለ፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ደግሞ አልጋው ያለበት ሰፈር ነው። ሌዎናርዶ ኤክስፕረስ በ14 ዩሮ፣ በ32 ደቂቃ፣ የትም ሳይቆም ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው የከተማ ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ተርሚኒ ግን አይገባም። በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴና በቱስኮላና አድርጎ ወደ ቲቡርቲና ያልፋል። ቴስታቾ ወይም ፒራሚዴ አካባቢ አልጋ የያዘ ሰው ተርሚኒ ድረስ ሄዶ መመለስ የለበትም፤ ኦስቲየንሴ ወርዶ በእግሩ ይጨርሳል። ታክሲ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ጥንታዊው የአውሬሊያን ግንብ ውስጥ ድረስ ቋሚ ዋጋ አለው፤ 55 ዩሮ ለመኪናው እንጂ ለሰው አይደለም። አራት ሰው በሌዎናርዶ በሙሉ ዋጋ ቢሄድ 56 ዩሮ ነው። ልብ መባል ያለበት ቫቲካን አጠገብ ያለው ፕራቲ ከግንቡ ውጭ መሆኑ ነው፤ እዚያ ቋሚው ዋጋ አይሠራም፣ በቆጣሪ ነው።

ስለ ሰፈር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ተርሚኒ ነው። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣውን እየጎተተ የሚያቋርጠው ሐበሻ ይህን አወቀም አላወቀ ሰፈሩ ይመቸዋል፦ ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮች፣ ኤ እና ቢ፣ እዚህ ይገናኛሉ፤ በዙሪያው ባሉት መንገዶች እንጀራ አይጠፋም፤ ፔንሲዮኑም ብዙ ነው። ስሙ በክፉ የሚነሳው ግን ማታ ማታ ነው። ከጣቢያው ግድግዳ ጋር ተያይዘው የሚሄዱት ቪያ ማርሳላ እና ቪያ ጆሊቲ ከመሸ በኋላ ደስ አይሉም። ሁለት ሦስት መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ ሬፑብሊካ ወይም ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በኩል መያዝ ይሻላል፤ የዋጋው ልዩነት ያን ያህል አይደለም። አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ፦ ሌዎናርዶ የሚቆመው 23ኛውና 24ኛው መስመር ላይ፣ በጆሊቲ በኩል ነው። አልጋው በማርሳላ በኩል ከሆነ ጣቢያውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ፣ በተለይ እናት አባቱን ይዞ ለሚሄድ፣ እኔን ቢጠይቀኝ ፕራቲ እለዋለሁ። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ የእግረኛ መሄጃው ሰፊ፣ ማታ ጸጥ ያለ ነው፤ ሌፓንቶ እና ኦታቪያኖ የሚባሉት የኤ መስመር ፌርማታዎች አሉት። ከኦታቪያኖ ተርሚኒ ስድስት ፌርማታ ነው። «ቫቲካን አጠገብ» የሚል ማስታወቂያ ግን ሁሉ ፕራቲ አይደለም። ፌርማታው ኦታቪያኖ ወይም ቺፕሮ ከሆነ እውነት ነው፤ ኮርኔሊያ ወይም ባቲስቲኒ ከሆነ ቫቲካኑ በባቡር ነው።

ትራስቴቬሬ ለእራት ይኬዳል እንጂ አይታደርበትም። ሜትሮ የለውም፣ ያለው ወደ ፒያሳ ቬኔሲያ የሚወስደው ቁጥር 8 ትራም ነው፤ ጫጫታውም እስከ እኩለ ሌሊት ማዶ ነው። ካምፖ ዴ ፊዮሪም እንዲሁ። እዚያው ካልሆነ የሚል ሰው መስኮቱ ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ውስጠኛው ግቢ፣ ወደ ኮርቲሌ፣ የሚያይ ክፍል ይጠይቅ።

ዋጋ የሚከብደው ሰው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን የአፍሪካ ሰፈር ይመልከት፤ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ሶማሊያ የሚባሉ መንገዶች ያሉበት ነው። ስሙ የመጣው ከቅኝ ግዛት ዘመን እንጂ ከሐበሻ ብዛት አይደለም፤ ነዋሪው መካከለኛ ኑሮ ያለው ሮማዊ ነው። ሊቢያ የሚባለው ፌርማታ በቢ 1 መስመር ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የቢ መስመር ቦሎኛ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ባቡሩ ግንባር ላይ «ዮኒዮ» ካለ ትክክል ነው፤ «ረቢቢያ» ካለ ሌላ አቅጣጫ ነው፣ ቦሎኛ ወርዶ ቀጣዩን መጠበቅ ነው።

ራቅ ብሎ ማደር ሲሰላ ደግሞ የትኬቱ ነገር አይረሳ። አንድ ትኬት 1.50 ዩሮ፣ ለ100 ደቂቃ፣ ሜትሮ ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። ሁለት ሰው በቀን አራት አራት ጊዜ ከተሳፈረ 12 ዩሮ ነው፤ «በሌሊት 15 ዩሮ አተረፍኩ» ያለው ሰው ያተረፈው 3 ዩሮ ነው። ሜትሮው ከእሑድ እስከ ሐሙስ በፈረንጅ ሰዓት 23:30 ይዘጋል፤ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 1:30 ይሠራል። ሾፔሮ የሚሉት የሥራ ማቆም አድማም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ላይ ይውላል። በአድማ ቀን እስከ ጠዋት 8:30 እና ከ17:00 እስከ 20:00 አገልግሎት ይኖራል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን የሚያውቀው እግር ነው።

አሁን ወደ በሩ። የሮም አድራሻ «ቁጥር 12፣ ስካላ ቢ፣ ፒያኖ 4፣ ኢንቴርኖ 9» ይላል። ስካላ ደረጃው ነው፤ አንድ ሕንፃ ሁለት ሦስት ደረጃ ሊኖረው ይችላል፣ አሳንሰሩ ግን አንዱ ላይ ብቻ ይሆናል። ፒያኖ ፎቁ ነው፤ አቆጣጠሩ እንደ እኛው ጂ ፕላስ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ አይከብድም፣ ከአሜሪካ የሚሄደው ግን አንድ ፎቅ ይጨምርበት። ኢንቴርኖ የበሩ ቁጥር ነው። የውጭ በር ላይ ያለው ደወል፣ ቺቶፎኖው፣ ብዙ ጊዜ የተጻፈበት የእንግዳ ማረፊያው ስም ሳይሆን የባለቤቱ የቤተሰብ ስም ነው። «የትኛውን ልደውል?» የሚለው መልእክት ከመነሳት በፊት ይላክ፤ በር ላይ ሆኖ ኢንተርኔት መፈለግ አያዋጣም።

አሳንሰር አለ መባሉም በቂ አይደለም። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች የተሠሩት ያለ አሳንሰር ነው፤ በኋላ በደረጃው መሀል ባለው ክፍተት የብረት ቀፎ ገባላቸው። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ትልቅ ሻንጣ ከገባ አንድ ሰው። በሮቹ በእጅ የሚዘጉ ናቸው፣ የውጩም የውስጡም ካልተዘጋ ንቅንቅ አይልም። አንዱ አራተኛ ፎቅ ወርዶ በሩን ገርበብ አድርጎ ከሄደ ታች ያለው ሰው ቁልፉን ቢጫን ውሎ ቢያድር ምንም የለም፤ ተበላሽቷል ብሎ በደረጃ ይወጣል። «ሴሚንተራቶ» የሚል ከተጻፈ ግማሹ ከመሬት በታች ነው፤ የረከሰው በእርጥበቱ ነው።

ባኞ ቤቱንም ማንበብ ያሻል። «ባኞ ፕሪቫቶ» የግል ነው፣ «ኢን ኮሙኔ» የጋራ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ሰው የሚያደናግረው «ፕሪቫቶ ኤስተርኖ» የሚለው ነው፦ የግል ነው፣ ቁልፉም የእንግዳው ነው፣ ግን ኮሪደር ላይ ነው። ሌሊት ለሚነሳ አረጋዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አልጋም እንዲሁ፤ «ማትሪሞኒያሌ» አንድ ሰፊ አልጋ ሲሆን፣ «ዶፒያ» ሁለት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እህትማማች ወይም ጓደኛሞች «ዱዌ ሌቲ ሴፓራቲ» ብለው ይጻፉ።

ዋጋው ላይ የማይታይ ደግሞ የከተማው ግብር አለ። በሰው በሌሊት ባለ አንድ ኮከብ 4፣ ባለ ሁለት 5፣ ባለ ሦስት 6፣ ባለ አራት 7.50፣ ባለ አምስት 10 ዩሮ ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ሁለት ሰው በባለ ሦስት ኮከብ ሦስት ሌሊት ቢያድር 36 ዩሮ እዚያው ይከፍላል፤ ደረሰኝ ይጠይቅ።

ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ቺን የሚባል መለያ ቁጥር በማስታወቂያውና በሕንፃው በር ላይ ማሳየት ግዴታው ነው። የሮም ከተማ ቁጥር በአይ እና ቲ ፊደል ተጀምሮ 058091 ብሎ ይቀጥላል። ቁጥር የሌለውን መተው ነው። ቁጥሩ መኖሩ ግን መሀል ከተማ ነው ማለት አይደለም፤ የባሕሩ ዳር ኦስቲያም በዚሁ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ፓስፖርት ሲጠይቅ ቅር አይበል፤ እንግዳውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስመዝገብ አለበት።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ለሸንገን ቪዛ የአልጋ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ በነጻ የሚሰረዝ ይያዝ፣ ስሙ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፣ ሁሉም ሌሊት ይሸፈን። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ደግሞ ሌላ ሥራ አለበት፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ እንግዳ ያስተናገደ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ካላደረገ ከ160 እስከ 1,100 ዩሮ ይቀጣል። ቅጣቱ የሚወድቀው በአስተናጋጁ ላይ ነው። አክስት በይሉኝታ «ችግር የለም፣ ና ብቻ» ብትልም ነገሩን አስቀድሞ ማንሳት የእንግዳው ፋንታ ነው፤ በተለይ ቤቱን ከሌሎች ጋር ተጋርታ የምትኖር ከሆነ።

ጾም ላይ ቁርስ ያለበት አልጋ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው፤ የሚቀርበው ቅቤና ወተት ነው። ያለ ቁርስ ይዞ፣ ቡና ቤት ባንኮኒው ላይ ቆሞ ቡናና «ኮርኔቶ ቬጋኖ»፣ ማለትም ቅቤና ወተት የሌለበት ጣፋጭ ዳቦ፣ ማዘዝ ይቀላል፤ ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ ይረክሳል።

ማሞቂያ ሮም ላይ በሕግ የሚበራው ከኅዳር 1 እስከ ሚያዝያ 15 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ የሚሄድ ሰው ብረቱ ቀዝቃዛ ቢሆን ባለቤቱን አይውቀስ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይጠይቅ። በረራው ማታ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 10 ወይም 11 ላይ ስለሚለቀቅ፣ ሻንጣ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት ድረስ የሚያስረክብ ሰው እንዳለ አልጋው ሳይያዝ ይጠየቅ። ካልሆነ ተርሚኒ ውስጥ በክፍያ የሚጠብቁ አሉ።