ፊርማችን ድጋፍ ተብሎ ሲቆጠር፦ በረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት ለመስጠት ለምታስቡ ማኅበራት

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተገልጋዮቹን የግል መረጃ በዲጂታል ሥርዓት እንዴት እንደሚሰበስብና እንደሚይዝ የሚደነግግ ረቂቅ መመሪያ ማዘጋጀቱን የሰማነው በወሬ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገም ሌላ ጉዳይ ይዤ እዚያው ደጃፍ መቆሜ አይቀርም። የምሠራበት ማኅበር አባላት አብዛኞቹ ዓይነ ስውራን ናቸው። «ተገልጋዩ ቅጹን አንብቦ ፈቃዱን በፊርማው ያረጋግጣል» የሚል አንቀጽ ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር። አስፈለገ።

የሕግ መሠረቱ ብዙ አያደክምም። የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ሥራ እንዳይሰማራ አግዶ ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሽሮ፣ ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የሚገናኙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉ ደነገገ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ያልተመዘገበና ይፋ ያልተደረገ መመሪያም ተፈጻሚነት የለውም። እነዚህን ሁለት አዋጆች አሳትማችሁ በቦርሳችሁ ያዙ። በቃል ብትጠቅሷቸው «እሱ እኛን አይመለከትም» ትባላላችሁ፤ ወረቀቱን ስታወጡ ግን የሰው ድምፅ ይለሰልሳል።

ረቂቁን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሕግ ክፍል ወደ ሕዝብ ግንኙነት፣ ሕዝብ ግንኙነት ወደ ሕግ ክፍል መራን። በመጨረሻ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የማግኘት ጥያቄ በጽሑፍ አቀረብን፤ ይህ አዋጅ ለመልስ 30 ቀን ይሰጣል። የመጣልን ሰነድ ተንጋዶ ስካን የተደረገ፣ በአንዳንድ ገጽ ላይ ማኅተሙ ፊደሉን የሸፈነው ምስል ነበር። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነበው የኮምፒውተራቸው ፕሮግራም ሲከፍቱት ከገጽ ቁጥር በስተቀር የሚሰማ ነገር ታጣ። ስለ ዓይነ ስውራን መረጃ የሚደነግገውን ሰነድ ዓይነ ስውሩ ሰብሳቢ ማንበብ አልቻሉም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሰን ጻፍነው።

ይህን ሁሉ ግን እረሳው ነበር። የማልረሳው የቢሾፍቱውን ውይይት ነው።

ጥሪ ሲደርሰን ተደስተን ነበር። ሆቴሉ ጥሩ፣ አዳራሹ ሰፊ ነው። ጠዋቱን የመክፈቻ ንግግርና የረቂቁ ማብራሪያ ወሰደው። ከምሳ በኋላ ለአስተያየት የተመደበው ጊዜ በቀረችው ግማሽ ሰዓት ተጨናነቀ። ሰብሳቢያችን ማይክሮፎኑን አግኝተው ስለ ፈቃድ አሰጣጡ መናገር ሲጀምሩ መድረኩን የሚመራው ባለሥልጣን «አባቴ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በጽሑፍ ያቅርቡልን፤ ጊዜ የለንም» አሏቸው። ጊዜ ያልነበረው ለእኛ ብቻ ነው፤ ለመዝጊያ ንግግሩ ጊዜ ተገኝቷል።

መውጫው ላይ ሁለት ወረቀት ጠበቀን፦ የተሳታፊዎች ስም ዝርዝርና የትራንስፖርት አበል መቀበያ። ሁለቱም ላይ ፈረምን። ማን አይፈርምም?

ከሳምንታት በኋላ አንድ የምናውቃቸው ባለሙያ ቃለ ጉባኤውን አሳዩን። «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን ጨምሮ ባለድርሻ አካላት በረቂቁ ላይ ተወያይተው በአብላጫው ደግፈውታል» ይላል። ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው የእኛ ፊርማ ያለበት የስም ዝርዝር ነው። የሰብሳቢያችን ጥያቄ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ተቃውሟችንን አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ ተቃውሟችንን ድጋፍ አድርጎ መጻፍ ግን ሌላ ነው።

የጽሑፍ አስተያየታችንን ይዘን ሄድን። መዝገብ ቤት ያሉት ሴት «እህቴ፣ ውይይቱ ተጠናቋል፤ በኢሜይል ላኪው» አሉኝ። በጥሪ ደብዳቤውም ላይ የሰፈረው እንዲሁ ነው። የኔ ምክር ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፦ በኢሜይል ብቻ በፍጹም አትላኩ። የኢሜይል መልእክት ደረሰም አልደረሰም ብሎ የሚመሰክር የለም። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ በእናንተው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን እስኪመታበት ከመስኮቱ አትነሡ። ሴትዮዋ እንቢ ሲሉ የአዋጅ 1183ን ገጽ አወጣሁ፤ ወደ ውስጥ ገብተው ከኃላፊያቸው ጋር ተነጋግረው ተመለሱና ማኅተሙን መቱልኝ። ደብዳቤው ግርጌ ላይ መመሪያዎችን ለሚመዘግበው ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ግልባጭ መደረጉ ተጽፎ ነበር። ስልክ የተደወለልን ከዚያ በኋላ ነው። ሙሉው ደብዳቤ ያላመጣውን የግርጌው መስመር አመጣው።

ስለዚህ ውይይት ስትጠሩ ዝግጁ የሆነ ጽሑፍ ይዛችሁ ግቡ፤ ለጸሐፊው ስጡና በቃለ ጉባኤው እንዲያያዝ ጠይቁ። ስም ዝርዝሩ ላይ ስትፈርሙ ከስማችሁ አጠገብ «የጽሑፍ አስተያየት አስገብተናል» ብላችሁ ጻፉ። ቦታው ጠባብ ነው፤ አጥብባችሁ ጻፉት። አበሉን የምትቀበሉበት ወረቀት ከስም ዝርዝሩ የተለየ መሆኑንም አረጋግጡ።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። የዓለም አቀፍ ስምምነቶች ታሪክ የሚተርክ ረጅም ሰነድ የሚያነብ ባለሙያ የለም፤ የአንቀጹን ቁጥር፣ አሁን ያለውን አገላለጽና በምትኩ የምትፈልጉትን ዐረፍተ ነገር ብቻ ስጡት። እኛ የጠቀስነው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ብቻ ነበር፤ የአባሎቻችን የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ስለሆነ ክርክሩን አሳጠረልን።

«በኅብረት ተሳተፉ» የሚለውንም ምክር በግማሽ ልብ ስሙት። በኅብረት ስም የገባ ደብዳቤ የአሥር ድርጅት ማኅተም ቢኖረውም እንደ አንድ አስተያየት ነው የሚቆጠረው። ተመካከሩ፤ ደብዳቤውን ግን እያንዳንዳችሁ ለየብቻ አስገቡ።

ትልልቅ ጉባኤዎችን አልንቅም። የተባበሩት መንግሥታት 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በኅዳር 2015 አዲስ አበባ ሲካሄድ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በግንኙነት መቋረጥ ውስጥ በቆየችበት ወቅት ስለ ኢንተርኔት ተደራሽነት በዚህችው አገር መወያየት ምን እንደሚመስልም አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ጉባኤ አስገዳጅ ውሳኔ አያሳልፍም። የአባሎቻችንን ሕይወት የሚነካው የትኛው አንቀጽ እንደሚቀር የሚወሰነው በአንድ ሕግ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ገንዘብና ሰው ከሌላችሁ ጉልበታችሁን እዚያ አውሉ፤ ከዳይሬክተሩ ይልቅም ረቂቁን የሚጽፈውን ባለሙያ ፈልጉ።

ካቀረብናቸው ሁለት ዋና ሐሳቦች አንዱ ገብቷል፦ ማንበብ የማይችል ተገልጋይ ራሱ በመረጠው ሰው ፊት ቅጹ ተነቦለት ፈቃዱን በቃል መስጠት ይችላል። ሁለተኛው፣ ቅጾች በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም በሚነበብ መልክ ይዘጋጁ የሚለው፣ ወድቋል። በስልክ የተነገረን ምክንያት በጀት የለም የሚል ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠን ደብዳቤ አስገብተናል፤ ካልመጣ አቤቱታችንን ለዕንባ ጠባቂ እናቀርባለን።