ሞተርሆም ተለዋውጠን ኒውዚላንድን የዞርንበት ጉዞ

ኒውዚላንድ በጋ የሚሆነው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በእነዚህ ወራት ልጆች ይዞ ሞተርሆም (አልጋና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ልከራይ የሚል ሰው የኪራዩን ዋጋ ሲሰማ ጉዞውን ይተወዋል። እኛም ልንተወው ነበር። ግን ለንደን ደጃችን ላይ የራሳችን ሞተርሆም ቆሟል፤ ብርዱ እስኪያልፍ ማንም አይነካውም። ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ ባልና ሚስትም እንዲሁ ያለ ሥራ የሚቆም መኪና አላቸው፤ የእነሱ የሚቆመው ግን በሰኔና በሐምሌ ነው። የእኛ ብርድ የእነሱ ሙቀት ስለሆነ፣ በጥር እኛ የእነሱን፣ በሰኔ እነሱ የእኛን ልንነዳ ተስማማን። ማንም ለማንም ኪራይ አይከፍልም።

ብዙ ሰው የሚፈራው መኪናውን ለማያውቀው ሰው መስጠቱን ነው። ለእኔ ከዚያ የከበደው ኢንሹራንሱ ነበር። የቀድሞው ድርጅታችን ብሪታንያ የማይኖር ሹፌር በውሉ ላይ አላስገባም አለን። ሌላ ፈልገን፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ካገኘን በኋላ ነው ቲኬት የቆረጥነው። ይህን ቅደም ተከተል ማንም እንዳያዛባው አደራ እላለሁ። የመኪናውን ክብደትም አስቀድመን ጠየቅን፤ ብሪታንያ ውስጥ ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣ ተራ መንጃ ፈቃድ እንዲህ ላለ የናፍጣ መኪና የሚያገለግለው እስከ 3,500 ኪሎ ብቻ ነው። ግጭት ቢደርስ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ድርሻ የሚከፍለው በጊዜው መሪውን የያዘው እንዲሆን ተፈራረምን።

የኒውዚላንድ ኤርፖርት ምግብ ላይ ጥብቅ ነው። የያዙትን ሳያስመዘግቡ መገኘት እዚያው 400 የኒውዚላንድ ዶላር ያስቀጣል፤ ማር ደግሞ ከነአካቴው አይገባም። እኛ ሽሮውንና በርበሬውን እንደታሸገ በቅጹ ላይ ጻፍን፣ የተራራ ጫማችንንም ጭቃ እንዳይኖርበት አጥበን ሄድን። መርማሪዋ አገላብጣ አየችና አሳለፈችን።

ባለቤቶቹ ቁልፉን ሰጥተው አልሄዱም። ግማሽ ቀን ሙሉ አብረውን ቆይተው የውኃ ፓምፑን፣ የጋዙን መዝጊያ፣ የእጣቢውን ማፍሰሻ፣ የሽንት ቤቱን ሣጥን አወጣጥ አንድ በአንድ አሳዩን። ባለቤቴ ሁሉንም በስልኳ ቀረጸች፤ በኋላ ደጋግመን ያየነው እሱን ነው። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ካርድ ተለጥፏል። መኪናው የራሱ ቋሚ ሽንት ቤትና የቆሻሻ ውኃ መያዣ እንዳለው፣ ስንት ሰው እንደሚያሳድርም የሚመሰክር ነው፤ ካለዚያ ካርድ ብዙ ነፃ ማደሪያ ላይ መቆም አይቻልም። እዚያ አገር የናፍጣ መኪና የመንገድ ግብሩን የሚከፍለው ማደያ ላይ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው፤ 1,000 ኪሎ ሜትር እየተባለ አስቀድሞ ይገዛል። ስለዚህ የቆጣሪውን ቁጥር አብረን ጻፍን፤ የነዳነውን ያህል እኛ ልንከፍል።

በርክስ በሚባለው የተራራ ማለፊያ አድርገን ቴካፖ ሐይቅ ደረስን። የበረዶ ግግር አለቱን እየፈጨ ዱቄቱን ውኃው ውስጥ ስለሚለቀው ሐይቁ ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይመስላል። አካባቢው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የመንገድ መብራቱ እንኳ ወደ ታች ብቻ ነው የሚበራው። ለንደን የተወለዱት ልጆቻችን ፍኖተ ሐሊብን ያዩት እዚህ ነው። ትልቋ ወንበሯን ውጭ አውጥታ ብርድ ልብስ ደርባ ተቀመጠች፤ አልገባም ብላ አስቸገረችን፣ እኛም ተውናት። ሆቴል ይዘን ቢሆን ኖሮ ያን ሰዓት ክፍላችን ውስጥ ነበርን።

ወደ ሚልፎርድ የባሕር ወሽመጥ የሚወስደው መንገድ ከቴ አናው ከተማ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ከነዳሁባቸው መንገዶች ሁሉ የሚወዳደረው የለም። መሃሉ ላይ የሆመር ዋሻ አለ፤ ቁፋሮው በ1935 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ለመኪና የተከፈተው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1.2 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ አለት ውስጥ ቁልቁል ይኬዳል። የትራፊክ መብራቱን ስንጠብቅ ኪያ የሚባሉት የተራራ በቀቀኖች መጡ። የመስኮት ላስቲክ መንቀል ይወዳሉ፤ የሰው መኪና ነውና ልጆቹን ምግብ እንዳያሳዩአቸው አስጠንቅቄ እኔ ከመኪናው አልራቅሁም። ምግባችንንም እንዲሁ ነበር የምንሠራው፤ የቁሌቱ ሽታ በሰው ወንበር ጨርቅ ላይ እንዳይቀር ምድጃውን ውጭ አውጥተን፣ ትናንሾቹን ተናካሽ ዝንቦች እየተከላከልን ሽሮ አበሰልን።

ስንመልስ ነዳጁን ሞልተን፣ ቆሻሻውን ደፍተን፣ የኪሎ ሜትሩን ግብር ከፍለን ነው። ሴትዮዋ ውስጡን ዞር ዞር ብለው አዩና ሻይ አፈሉልን።

አሁን ተራው የእነሱ ነው። ከኢንቨርነስ ተነስቶ ስኮትላንድን በሰሜን የሚዞረውን ወደ 830 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መርጠዋል። የ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ የመሬት ሕግ በየሜዳው የማደር መብት የሚሰጠው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ እንጂ ለመኪና እንዳልሆነ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ከኋላ ለሚመጣም ጥግ ይዞ ማሳለፍ እንዳለ ጽፌላቸዋለሁ። ስማቸው ኢንሹራንሱ ላይ ገብቷል። ሰኔ ላይ ሂትሮው ኤርፖርት ሄደን እንቀበላቸዋለን፤ ግማሽ ቀኑንም ለማስረከቢያው ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ።