ከደጋችን ደመና እስከ ካሪቢያን፦ ሀሪኬንን ከድሬዳዋ መከታተል

የአትላንቲክ ሀሪኬን ወሬ ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚደርሰው ማዕበሉ ፍሎሪዳ ወይም ጃማይካ ደጃፍ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ያኔ ግን የጉዞው ትልቁ ክፍል አልቋል። ከ1 እስከ 5 ባለው የጥንካሬ ደረጃ ምድብ 3 እና ከዚያ በላይ ከሚደርሱት የአትላንቲክ ሀሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ መነሻቸው አፍሪካን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ምስራቃዊ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከሚነሳባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የእኛ ደጋና ከሱ በስተምዕራብ ያለው የሱዳን ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 የተነሳውን አልቤርቶ የተባለ ሀሪኬን ተመራማሪዎች ዱካውን ወደ ኋላ ሲከተሉ የደረሱት የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ወደተነሳ የነጎድጓድ ደመና ክምችት ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ ሆኖ የሚከታተል ሰው ከማያሚው ቀድሞ መጀመር ይችላል፤ መጀመርም አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ሰሃራ እሳት ሆኖ ይግላል፤ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ግን ርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ነው። የሁለቱ የሙቀት ልዩነት ከመሬት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ፈጣን የአየር ጅረት ይፈጥራል። ይህ ጅረት ቀጥ ብሎ አይፈስም፤ የተራራው ነጎድጓድ ሲነካው ይጥመለመላል። በየ3 እስከ 5 ቀኑ አንድ ሞገድ ያልፋል፤ በዓመት ወደ 60 ይሆናሉ። አብዛኞቹ ሳሕልን አርሰው ውቅያኖሱ ላይ ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ የተከታታዩ ሥራ የሚተርፈውን ለይቶ ማየት ነው።

መጀመሪያ ሳተላይት መምረጥ። ለእኛ ሰማይ የሚሻለው 45.5 ዲግሪ ምስራቅ ላይ የተቀመጠው ሜቴዎሳት ነው፤ ድሬዳዋ 42 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከአናታችን ነው የሚያየን። ምስሉ በየ15 ደቂቃው ይታደሳል። ሞገዱ ቻድን ሲያልፍ 0 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሜቴዎሳት ዙሩ፤ ውቅያኖሱን አጋምሶ ሲሄድ ደግሞ 75 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ወዳለው የአሜሪካው ጎዝ ኢስት። በአንዱ ብቻ ከቀጠላችሁ ሳተላይቱ በጎን ስለሚያይ ረጅም ደመና ከትክክለኛ ቦታው ተንሸራቶ ይታያችኋል፤ የማዕከሉ ቦታም ይሳሳትባችኋል።

ሌት ተቀን ስለሚሠራ ኢንፍራሬዱን ክፈቱ። ቀለሙ የሚናገረው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው፤ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ያለፈው ትልቅ ነጎድጓድ ነው። በክረምት የደጋው ደመና ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነጠላ ነጠላ ነጥብ ሆኖ ይነሳል። በርጫው ሲደራ ነጥቦቹ ይገጣጠማሉ፤ ማታ አንድ ሰፊ ክምችት ሆነው ወደ ሱዳን ቆላ ይወርዳሉ፤ ሊነጋ ሲል ይሳሳሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደመናው ሲጠፋ ሞገዱም የጠፋ ይመስለዋል። ደመናው በየቀኑ ይሞታል፣ በየቀኑ ይወለዳል። የሚጓዘው ሞገዱ ነው፣ በቀን ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ኬንትሮስ። ከደጋችን እስከ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች 60 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ከ8 እስከ 10 ቀን ስጡት።

እዚህ ላይ ተንቀሳቃሹ ምስል ፓኬጅ ከመብላት በቀር ብዙ አይጠቅምም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት፣ አንድ ምስል ብቻ አስቀምጡና ደርድሯቸው። 24 ሰዓት ስለተራራቁ የቀንና የሌሊቱ መነሳትና መውደቅ ይቀርና የሚቀረው ወደ ምዕራብ የሚደረገው ጉዞ ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ ኒያሜና ዳካር ላይ በፊኛ የሚለካውን ነፋስ፣ 700 ሄክቶፓስካል ግፊት ላይ (3 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነው)፣ እዩ። ሞገዱ ከመድረሱ በፊት ነፋሱ ከሰሜን ምስራቅ ነው፤ ካለፈ በኋላ ከደቡብ ምስራቅ ይሆናል። ይህ ለውጥ ደመና ባይኖርም አይዋሽም።

አሁን ስለ ሰዓት፣ ብዙ ሰው የሚጠፋበት ጉዳይ ስለሆነ። ምስሎቹና ብዙዎቹ መግለጫዎች በግሪንዊች ሰዓት፣ በዜድ ፊደል ነው የሚጻፉት። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ቀንሱ። የማያሚው ብሔራዊ ሀሪኬን ማዕከል ዋና መግለጫ በ0300፣ በ0900፣ በ1500 እና በ2100 ይወጣል፤ ለእኛ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው። ገና ያልተፈጠሩ ማዕበሎችን የሚመለከተው የ7 ቀን ቅድመ ዕይታ ደግሞ በመሃሉ ይገባል፦ ጠዋት 3፣ ከሰዓት 9፣ ማታ 3 እና ሌሊት 9። ካርታው ላይ ቢጫ ከ40 በመቶ በታች ዕድል፣ ብርቱካናማ ከ40 እስከ 60፣ ቀይ ከ60 በላይ ነው። ልዩ ክትትል የጀመሩበት ከ90 እስከ 99 ባለ ቁጥርና ኤል በሚል ፊደል ይጠራል፤ 95ኤል እንደሚባለው።

ወቅቱ በይፋ ከግንቦት 24 እስከ ህዳር 21 ነው፤ ጫፉ ጳጉሜን 5፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ይውላል። ልማዱን የሚሰብርም አለ፤ ቤሪል ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ምድብ 5 ደርሷል፣ በዓመቱ እንዲህ ቀድሞ የደረሰ ሌላ በአትላንቲክ አልተመዘገበም።

ሞገዱ ባሕር ሲገባ ሦስት ነገር ጠይቁ። ውሃው 26.5 ዲግሪ ሞልቷል ወይ? የታችኛውና የላይኛው ነፋስ አቅጣጫና ፍጥነት ይቀራረባል ወይ? ከሰሜን የሰሃራ ደረቅ አየር ገብቶበታል ወይ? ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ ከዳካር በስተሰሜን ያለው አቧራ የለበሰ ደረቅ አየር ውሃው ሞቆ እንኳ የስንቱን ሞገድ እስትንፋስ ይዘጋል። የነፋሶቹ አለመቀራረብ ደግሞ ደመናውን ከማዕከሉ ላይ ገፎ ይወስደዋል።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ እኛን በተለይ ስለሚመለከት። 50 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ለእኛ ቀን 6 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የቀን 6 ሰዓቱ መግለጫ፣ አውሮፕላን ካልሄደ በቀር፣ በጨለማ በተነሱ ምስሎች ነው የተጻፈው። ኢንፍራሬድ የላይኛውን ደመና እንጂ ከሥር ያለውን ሽክርክሪት በደንብ አያሳይም። ሌሊቱን ደመናው ይደምቃል፤ ባሕር ላይ ነጎድጓድ የሚበረታው ከንጋት በፊት ስለሆነ ነው። ተከታታዩም "ጠነከረ" ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ፀሐይ ስትወጣ በእውነተኛው ብርሃን ምስል ማዕከሉ ከደመናው ውጭ ተጋልጦ፣ እርቃኑን ይታያል። በማታ 12 ሰዓቱ መግለጫ ማዕከሉ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ከቀኑ 6 ተኩል እስከ 8 ሰዓት ያለውን የመጀመሪያ ብርሃን ሳታዩ ስለ ጥንካሬው አትናገሩ። በሌሊት መፈተን ካስፈለገ በደመናው ውስጥ አልፎ የሚያየውን የማይክሮዌቭ ምስል ፈልጉ፣ 89 ጊጋ ኸርዙን፤ ችግሩ በቀን የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው።

በኮምፒውተር የሚሰሉትን የትንበያ ሞዴሎች በተመለከተ፦ የአሜሪካው ጂኤፍኤስ በቀን 4 ጊዜ ይሰላል፤ የ1200 ዜዱ ውጤት ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መውጣት ይጀምራል። የአውሮፓው ማታ 3 እና 4 ሰዓት መካከል ይከተላል። በእኛ እምነት ከ5 ቀን በላይ ያለን አንድ ነጠላ መስመር ማየት ጊዜ ማባከን ነው፤ መነሻው ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ ብዙ ጊዜ የሚሰላውን ስብስብ ትንበያ እዩ፣ መስመሮቹ ተቀራርበው ወይስ እንደ ሸረሪት ድር ተበትነው። ማዕከል ገና ሳይፈጠር የወጣ መስመር ደግሞ ሞዴሉ ማዕከሉን የት እንደገመተ እንጂ ሌላ አይነግራችሁም።

የሀሪኬን ማዕከሉ የትንበያ ካርታ ላይ ያለውን ነጭ ሾጣጣ ብዙዎች የማዕበሉ ስፋት አድርገው ያነቡታል። ሾጣጣው የሚናገረው የማዕበሉ ማዕከል ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ብቻ ነው። የሚሠራው ካለፉት 5 ዓመታት የትንበያ ስህተት ሲሆን፣ ከ3 ጊዜ በ1ዱ ማዕከሉ ከሾጣጣው ይወጣል። ነፋሱና ዝናቡማ ከሾጣጣው ውጭ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይደርሳል። ዊንዲ በተባለው የአየር ሁኔታ ድረ ገጽ ላይ የሚፈሰው ባለ ቀለም ነፋስም ትንበያ ነው፤ በዓይን የታየ ነገር ከፈለጋችሁ የሳተላይቱን ሽፋን ለይታችሁ ክፈቱ።

አውሮፕላኖቹ ሲነሱ ክትትሉ መልኩን ይለውጣል። የአሜሪካ አየር ኃይል ተጠባባቂ 53ኛ ስኳድሮን ከሚሲሲፒ እየተነሳ ብዙ ጊዜ 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ማዕበሉን በመስቀልያ ያቋርጠዋል። በየ30 ሰከንዱ የተለካው ነፋስና ግፊት በ10 ደቂቃ እሽግ ይላካል፤ ትሮፒካል ቲድቢትስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በካርታ ታገኙታላችሁ። ሁለት ስሌት ያዙ። በዚያ ከፍታ የተለካውን ነፋስ 90 በመቶውን ውሰዱ፤ 100 ኖት ከሆነ ባሕሩ ላይ 90 ኖት፣ ማለትም 167 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ምድብ 2 ነው። ሁለተኛው ከአውሮፕላኑ ወደ ባሕሩ ስለሚጣለው የነፋስና የግፊት መለኪያ ነው። መለኪያው ባሕር ሲነካ 20 ኖት ነፋስ ከመዘገበ እውነተኛውን ማዕከል ስቷል፤ ከለካው ግፊት ለእያንዳንዱ 10 ኖት 1 ሄክቶፓስካል ቀንሱ። 952 ካለ 950 ብላችሁ ያዙ። የግፊቱ መውረድ ከነፋሱ ቀድሞ ይናገራል፤ በአትላንቲክ የተመዘገበው ዝቅተኛው 882 ሄክቶፓስካል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዊልማ ላይ።

ይኸው ዓይን ለቅርባችንም ያገለግላል። በግንቦት፣ በጥቅምትና በህዳር የዓረቢያ ባሕርን እዩ። ሳጋር በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኤደን ባሕረ ሰላጤን ርዝመቱን ሁሉ ተጉዞ ሶማሌላንድ ገብቷል፤ ጂቡቲን በጎርፍ መትቷል፣ ዝናቡም ሶማሌ ክልል ደርሷል። ለዚያ ባሕር መግለጫው ከኒው ዴልሂ ነው የሚወጣው፤ አውሮፕላን ዘወትር ስለማይሄድ ጥንካሬው በሳተላይት ይገመታል፣ ስለዚህ ቁጥሩን በሰፊው ያዙት።

ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የሚያመጣው ግን ሀሪኬን አይደለም፤ ከላይ ያልነው የከሰዓት ደመና ራሱ ነው፣ ከከተማዋ በላይ ባለው በደንገጎ ደጋና አካባቢው ላይ ሲቆም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የወረደው ከዚያ ከደጋው ነው። በክረምት ላይኛው ነፋስ ከምስራቅ ስለሚነፍስ የደመናው ጣሪያ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ ጠንካራው ዝናብ ያለው ቀለሙ ድንገት በሚቆረጥበት በምስራቁ ጠርዝ ሥር ነው፣ በሰፊው ምዕራባዊ ጭራ ሥር አይደለም። በከተማው ውስጥ፣ ከዚራና መጋላ ሰፈር ላይ፣ ኮከብ እየታየ ወንዙ ሊሞላ የሚችለውም ለዚህ ነው። ምስሉ ድረ ገጽ ላይ እስኪወጣ ደግሞ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ያ ስለታም ጠርዝ ደንገጎ አናት ላይ በሁለት ተከታታይ ምስሎች ሳይንቀሳቀስ ካያችሁት ሦስተኛውን አትጠብቁ፤ ወደ ደጋው ለምታውቁት ሰው ደውላችሁ ዝናቡን ጠይቁ፣ ደረቁ የወንዙ አሸዋ ላይ ያለውንም ሰው ቶሎ እንዲወጣ ንገሩ።